መልስ፦ የልብ ሐኪም ወደ ምርምር ቢገባ ታካሚዎቹን ተዋቸው ማለት ነው?

ወንድሜ፣ «የልብ ስፔሻሊስት ሆኜ ወደ ሕክምና ውጤት ጥናት (ሕክምናው ለታካሚው በተግባር ምን እንዳመጣ ወደሚያጠናው ምርምር) ብገባ ታካሚዎቼን መተው አይሆንብኝም?» ብለህ ጠይቀሃል። አይሆንብህም።

የዬል ዩኒቨርሲቲውን የልብ ሐኪም ሃርላን ክረምሆልዝን ተመልከት። እሱና ባልደረቦቹ የያዙት ጥያቄ ቀላል ነበር። የልቡ የደም ሥር በድንገት ተዘግቶ ልቡን የያዘው ሰው ከሆስፒታሉ በር ከገባ በኋላ፣ የተዘጋው ሥር ውስጡ ገብታ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ እስኪከፈት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ግቡ 90 ደቂቃ ነው። ብዙዎች ግን አይደርሱበትም ነበር። ፈጣኖቹ ሆስፒታሎች ምን እንደሚያደርጉ አጠኑ። ለምሳሌ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የልብ ሐኪሙን ሳይጠብቅ፣ በአንድ ስልክ የደም ሥሩን የሚከፍተውን ቡድን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ ዘመቻ ይሄ አሠራር በብዙ ሆስፒታሎች ተዳረሰ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ሰው ግን ቶሎ ታከመ።

ወደ እኛ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ነርስ ነኝ። አንድ የመንዝ አባት የልጁን የመርፌ ካርድ ከፌስታል ፈትቶ ሰጠኝ። ልጅቷ የሩማቲክ የልብ ሕመም (ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን በሮች የሚጎዳ በሽታ) አለባት፤ እንዳይባባስባት በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መድኃኒት ትወጋለች። ካርዱ ላይ ሦስት መስመር ባዶ ነው። «ገብስ አጨዳ ላይ ነበርን» አለኝ ቀስ ብሎ። ምርመራው ልክ፣ መድኃኒቱም ልክ። ልጅቷ ግን እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት መጣች። ስንቱ ነው እንዲህ የሚያቋርጠው? መርፌው ቅርባቸው ባለ ጤና ጣቢያ ቢሰጥስ? ይህን ቆጥሮ የሚነግረን የልብ ሐኪም በጣም ያስፈልገናል።

ክሊኒክህን ግን ጨርሰህ አትተው። በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ታካሚ እይ። ጥያቄው የሚመጣልህ ከዚያው ነው። ስታቲስቲክሱን ደግሞ ስፔሻሊቲ እስክትገባ አትጠብቅ፣ ከአሁኑ ጀምረው።