ቀለሙ ይልቀቅ፣ ፕላስቲኩ ይትረፍ

የዛሬው ጥያቄ ከደብረ ማርቆስ ነው። አንድ ወጣት አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ተገጣጥሞ ያለቀ የቲ-55 ታንክ ሞዴል አመጣልኝ። በፊት የያዘው ሰው ስፕሬይ ደራርቦ ቀብቶታል። ብሎኑም ብየዳውም አይታይም። ቀለሙን ላነሳ ብዬ አንዷን ጎማ ቲነር ውስጥ ብከታት እንደ ማስቲካ ሆነችብኝ። ሌላውን መንካት ፈራሁ። እናቴ ዳግም አረቄ ታወጣለች፤ በእሱ ይለቅ ይሆን?»

ወንድሜ፣ እንኳንም ፈራህ። አንድ ጎማ ብቻ ነው የተጎዳው፤ ታንኩ ይተርፋል።

እኔ ባሕር ዳር የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ሞዴል እሠራለሁ። ቲነርን ሁሌ በእጄ ይዤው ስለምውል ጠባዩን አውቀዋለሁ። ቆርቆሮ ቲነር አይፈራም። ያንተ ታንክ ግን ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን ይህን ፕላስቲክ ራሱን ያሟሙታል። የሞዴል ማጣበቂያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሁለቱን ክፍል ጠርዝ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። እኔም ስጀምር አንድ ሙሉ ቱሬት፣ ላይ የሚዞረውን ክፍል ማለቴ ነው፣ ቲነር ውስጥ ዘፍዝፌ ምሳ በልቼ ስመለስ ከጣሳው ወለል ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምንፈልገው ቀለሙን የሚያለሰልስ፣ ፕላስቲኩን ግን የማይነካ ነገር ነው። መጀመሪያ የምትሞክረው አልኮል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ ይበቃል፤ 96 በመቶው ከተገኘ ሥራው ይፈጥናል። የእናትህ አረቄ ግን ይቅር። ዳግም ቢሆንም ውሃው ይበዛበታል፣ ድካሟም ያሳዝናል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘርም አልመክርህም፤ ለእጅ ልስላሴ የሚገባበት ግሊሰሪን ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል።

ከመዘፍዘፍህ በፊት ግን ሞክር። ታንኩ ሆድ ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ አልኮል የነካ ጥጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያዝበትና ጥረገው። ጥጡ ቀለም ይዞ ከመጣ መድኃኒቱን አገኘህ ማለት ነው። ፕላስቲኩ ከተጣበቀ ወይም ከደበዘዘ ግን ወዲያው ተው። ይህችን ሙከራ ማንም እንዳይዘላት እለምናለሁ። ሰው አገር ተቀብቶ የመጣ ሞዴል በምን እንደተቀባ በዓይን አይታወቅም።

አልኮሉ ከሠራ ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ፈልግ። የማር ብልቃጥ ጥሩ ነው። የእርጎ ኩባያ አይሆንም፤ ስስ ነው፣ በደንብም አይከደንም። ክፍሎቹን አስጥመህ ክደነው። በየግማሽ ሰዓቱ እየከፈትክ እይ። ቀለሙ ሲሸበሸብና ሲነሳ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቦርሸው። ስስ ቀለም ቶሎ ይለቃል፤ እንዳንተ የተደራረበ ሌሊቱን ሊያድር ይችላል። ብሩሽ ለማይደርስበት ጥግ እኔ የምጠቀመው የወይራ መፋቂያ ነው። ጫፉን አኝከህ ስትበትነው እንደ ትንሽ ብሩሽ ይሆናል። ለቀጭን ስንጥቅ ደግሞ ስንደዶ አለ። ቢላዋና መርፌ አትጠቀም፤ የጫሩትን ጭረት አዲሱ ቀለም ያጎላዋል።

አልኮል እሳት ይወዳል። ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ ብልቃጡን አትክፈት። መስኮት ክፈት ወይም በረንዳ ላይ ሥራ። በረኪና ደግሞ በፍጹም አትቀላቅልበት። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ መርዝ ይሆናል፣ ቀለሙንም አያነሳልህም።

አልኮሉ እምቢ ካለስ? ያኔ የፍሬን ዘይት ነው። ጋራዥ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የፍሬን ዘይት መኪና ቦዲ ላይ ጠብ ካለ ቀለሙን ያነሳዋል። ለደንበኛ ጥፋት የሆነው ለእኛ ጥቅም ነው። ዕቃው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ግዛ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ቀለም አያነሳም። አሁንም በሙከራ ጀምር፤ ከዚያ ዘፍዝፈህ በየሰዓቱ እያየህ ከአንድ ቀን አታሳልፍ፤ ፕላስቲኩ ሊሰባበር ይችላል። ጓንት አድርግ፣ ዓይንህን ጠብቅ። የቆሸሸውን በጨርቅ አጥልለህ ለቀለም ማንሻ ብቻ መልሰህ ልትጠቀምበት ትችላለህ፤ ቦይ ውስጥ ግን አትድፋው።

ኮስቲክ ሶዳ የሚመክሩ አሉ። ቀለም ማንሳቱ እውነት ነው። ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ አልሙኒየም አፈሙዝ ካለው ደግሞ ይበላዋል። ልጆች ባሉበት ቤት እንዲገባ አልፈልግም።

ከመዘፍዘፍህ በፊት ማውጣት ያለብህ ነገሮች አሉ። ጎማ መሰሉን ሰንሰለት አውጣው፤ ለእሱ ላርጎና ውሃ ይበቃዋል። የመብራቱ መስታወት መሰል ፕላስቲክ አልኮል ሲነካው ሊሰነጣጠቅ ይችላልና ንቀለው። በሱፐር ግሉ የተያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ዝፍዝፉ ሲቆይ ሊለቁ ይችላሉ፤ ፈሳሹን ስትደፋ በሻይ ማጥለያ አሳልፈው፣ አለበለዚያ ይጠፋሉ።

ማስቲካ የሆነችውን ጎማ አትንካት። የሟሟው ክፍል ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ መልሶ ይደርቃል። ለሳምንት ያህል ተዋትና በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስክ አስተካክላት። ቲ-55 በየጎኑ አምስት ጎማ አለው፣ እያንዳንዱም ጥንድ ነው። ቅርጿ ከፈቀደ በውስጠኛው ረድፍ ግጠማት። ካልፈቀደም ጭቃ አልብሳት፤ የእውነቱም ታንክ ጎማው ጭቃ ነው። የማርቆስን ጥቁር አፈር አድርቀህ በወንፊት ንፋውና በቀለም ለውሰህ ቀባት።

ቀለሙ ሲለቅ ሁሉንም ለብ ባለ ውሃና በላርጎ እጠብ። የፈላ ውሃ አፈሙዙን ያጣምመዋል። ፀሐይ ላይም አታስጣው፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ስንጥቅ ውስጥ ትንሽ ቀለም ቢቀር አትጨነቅ፤ ዓላማችን ብሎኑና ብየዳው እንዲታይ እንጂ ፕላስቲኩ እንደ አዲስ እንዲያበራ አይደለም።

ከዚያ ቀጭን ፕራይመር፣ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ቀለም ማለቴ ነው፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሦስቴ እየረጨህ። ክረምት ከሆነ ዝናብ ባባራበት ሰዓት ሳይሆን አየሩ ደረቅ ባለ ቀን ቀባው። እርጥበት ሲበዛ ስፕሬይ ያነጣል፣ ያንን ደግሞ እንደገና ማስለቀቅ ሊኖርብህ ነው። ፕራይመሩን ቢያንስ አንድ ቀን አሳድረህ በእጅህ ስትነካው የጣትህ አሻራ ካልያዘ ዋናውን ቀለም ጀምር።