ጥፋቱ የጭንቀቱ ነው ወይስ የምግቡ?

እህቴ፣ «ሥራው እያስጨነቀኝ ምሳ ትቼ በቡናና በብስኩት ነው የምውለው፤ ሆድ ይብሰኛል፣ እረሳለሁ፤ ጥፋቱ የየትኛው ነው?» ላልሽው፣ ሁለቱን መነጠል የሚቻል አይመስለኝም። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ጭንቀት ሲበዛ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ እሱ ደግሞ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ለወራት ከቀጠለ ሂፖካምፐስ የተባለውን፣ ለማስታወስ የሚረዳንን የአንጎል ክፍል ሊጎዳ ይችላል። መርሳትሽ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ምግብ ስሜት ይለውጣል ወይ ላልሽው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ ፌሊስ ጃካ እና ባልደረቦቿ አውስትራሊያ ውስጥ የሠሩት ጥናት ወጥቷል። ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተሳተፉ። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት እንዲያዘወትሩ ከተመከሩት 32 በመቶ ያህሉ ከድብርቱ ወጡ፤ የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ከተመደበላቸው ደግሞ 8 በመቶ ያህሉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አብዛኞቹም ሌላ ሕክምና ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ምግብን በሐኪም ፋንታ አላስቀምጠውም።

የወይራ ዘይት ፍለጋ አትድከሚ (ዋጋውን ታውቂዋለሽ)፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ ከቤት አይጠፋም። ምሳሽን ብቻ አትዝለይ። ቡናውን ከቀትር በኋላ ተዪው፤ የካፌይኑ (ቡናው ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር) ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አጥባቂ ጿሚ ከሆንሽ፣ በጾም ከምንተወው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የምናገኘው ቫይታሚን ቢ12 በደም ምርመራ ይታይልሽ፤ እጥረቱ ራሱ መርሳትና ድብርት ያመጣል። ሆድ መባሱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ምግብሽ እስኪስተካከል አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።