መልስ፦ ጄነሬተር ሲነሳ ሁላችንንም ራሳችንን ያመናል

እህቴ፣ ፒያሳ ምድር ቤት ውስጥ ያለው ማተሚያ ቤታችሁ ጄነሬተር ሲያስነሳ አራታችሁንም ራስ ምታት ይዟችሁ ውጭ ስትወጡ የሚለቃችሁ ከሆነ፣ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። ከጄነሬተሩ ጭስ ጋር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመስላል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ማስክ አያጣራውም፣ በር መክፈትም አይበቃም።

ደረጃው ሥር ያለው ጄነሬተር ዛሬውኑ ይውጣ፦ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭስ ማውጫውም ወደ ሕንፃው አይዙር።

ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ጄነሬተሩን ጥቀሱ፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ ተመርዛችሁም "ደህና" ሊል ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ለአሠሪያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደህንነት መጠበቅ ግዴታው ነው።