ጄሉ ነው ወይስ ፎረፎር?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ሹሩባ ስሠራ ዳር ዳሩ እንዲተኛልኝ ጄል እቀባለሁ። ሰሞኑን ግን ራሴን እየበላኝ ተቸግሬያለሁ፤ ሳከው ነጭ ነጩ ሹራቤ ላይ ይረግፋል። እናቴ «ብርዱ ነው ያደረቀሽ፣ ለጋ ቅቤ ተቀቢ» ትለኛለች። ሠሪዬ ደግሞ ጄል ቀይሪ ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ማንንም አትስሚ። መጀመሪያ የሚበላሽ የት እንደሆነ እዪ። ጄል የነካው ቦታ ብቻ፣ ግንባርሽ ዳርና ጆሮሽ አካባቢ ከቀላና ካቃጠለሽ ጥርጣሬው ጄሉ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚመጣው ከሽቶው ወይም እንዳይበላሽ ከሚጨመርበት ኬሚካል ነው። ጠንካራ ጄል ደርቆ ሲፈረፈርም ነጭ ይሆናል፣ እሱ ግን ሲታጠብ ይሄዳል። ቅርፊቱ ወዛም፣ ቢጫ ቢጤ ከሆነና ቅንድብሽና አፍንጫሽ ጥግም ካለ ፎረፎር ነው። ያኔ ቅቤውን ተዪው። ፎረፎርን የምታባብሰው ማላሴዚያ የምትባለው ፈንገስ ሁላችንም ራስ ላይ አለች፣ ምግቧም ቅባት ነው። ሹሩባሽን ፈትተሽ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ከፋርማሲ ግዢና በሳምንት 2 ጊዜ ታጠቢ፤ አረፋው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ራስሽ ላይ ይቆይ። ቆዳሽ ዝም ብሎ ደርቆ ብቻ ከሆነ ግን እናትሽ ልክ ናቸው፣ የደብረ ብርሃን ብርድና ንፋስ ያደርቃል።

ጄል ስትገዢ ሽቶ የሌለበትን ምረጪ። ዕቃው ላይ «አልኮል» የሚል ሁሉ አያስደንግጥሽ፤ ሴቲል አልኮልና ሴቴሪል አልኮል ያለሰልሳሉ እንጂ አያደርቁም፣ የሚያደርቀው «አልኮል ዲናት» የሚለው ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለውንም በጭፍን አትመኚ፣ የዕፅዋት ዘይትም ያሳክካል። አዲሱን ጄል ራስሽ ላይ ከማድረግሽ በፊት ክርንሽ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን 2 ጊዜ ለአንድ ሳምንት ቀቢው። ካላሳከከሽ ያዢው፣ ጸጉር ቤት ስትሄጂም የራስሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ከትልቁ ዕቃ በጣት እየተዛቀ የሚቀባው ምን እንዳለበት በምን ታውቂያለሽ?

ደግሞ ተሠርተሽ ስትነሺ ቅንድብሽ ወደ ላይ ከተወጠረ ጥፋቱ የጄል አይደለም። ሠሪሽን «አላልተሽ ሥሪኝ» በያት፤ ጠብቆ የሚሠራ ሹሩባ ሲደጋገም የግንባር ጸጉር ይነቅላል። መግል ከያዘ ወይም ጸጉርሽ በቦታ በቦታ ከተመለጠ ቀጥታ ሐኪም ጋ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ጸጉሬን ዋክስ ስቀባ ግንባሬ ላይ ብጉር ይወጣል። ሙቀቱ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሙቀቱ ያግዘዋል እንጂ ዋናው ዋክሱ ነው። ቅባቱ በላብ ቀልጦ ግንባርህ ላይ ይወርድና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ለቆላ ውሃ ላይ የተመሠረተ ቀለል ያለ ጄል ይሻልሃል። ከግንባርህ መስመር ትንሽ ራቅ አድርገህ ቀባ፣ ማታ ሳትታጠብም አትተኛ። የትራስ ጨርቅህንም እጠበው፣ የድሮው ዋክስ እሱ ላይ ነው ያለው።