ስለ ኒቆዲሞስ ለጠየቃችሁ፣ ይኸው መልሱ

ሰሞኑን ስለ ኒቆዲሞስ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ለማታውቋት፦ ኒቆዲሞስ በአሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት ሰሜን ምዕራብ፣ ግራሃም ካውንቲ (ካውንቲ ማለት ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው) ውስጥ ያለች ሚጢጢ የገጠር መንደር ናት። ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁሮች በ1877 ቆረቆሯት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከንቲባ የላትም የሚባለው እውነት ነው? ታዲያ ማን ያስተዳድራታል?

እውነት ነው። ከንቲባ የለ፣ የከተማ ምክር ቤት የለ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰፈር በሕግ ከተማ ለመባል የራሱ አስተዳደር ኖሮት መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበው በካውንቲው ሥር ይተዳደራል፤ ችግር ሲፈጠር የሚመጣው የካውንቲው ሸሪፍ ነው። ይህ የትንሽ መንደር ዕጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሀበሻ የሞላበት የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም የራሱ ከንቲባ የለውም፤ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ነው።

ጥያቄ፦ ሰዎቹ ከየት መጡ? ያን ባዶ ሜዳስ ማን አሳያቸው?

አብዛኞቹ ከኬንታኪ ናቸው፤ ከሌክሲንግተንና ከጆርጅታውን አካባቢ። ባርነት ከቀረ አሥር ዓመት አልፎታል፣ መሬቱ ግን አሁንም የጌታው ነው። ጭሰኝነት ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1862 የወጣው ሕግ ደግሞ የመንግሥት መሬት ላይ ሰፍሮ አምስት ዓመት ላለማ ሰው 160 ኤከር ይሰጣል፤ ወደ 65 ሄክታር ማለት ነው። ደብልዩ አር ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ነጋዴና ደብልዩ ኤች ስሚዝ የሚባል ጥቁር ሰባኪ ከሌሎች ጋር ሆነው የከተማ ኩባንያ አቋቋሙና በየቤተ ክርስቲያኑ ሰው መመልመል ጀመሩ። ማስታወቂያቸው ማርና ወተት የሚፈስባት አገር ነበር የሚያስመስላት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግማሹ የደላላ ወሬ ነበር።

ጥያቄ፦ ሲደርሱ ምን አገኙ?

ምንም። ለጥ ያለ ሜዳ፣ ንፋስ፣ ሰለሞን የሚባል ወንዝ። ለቤት የሚሆን ዛፍ እንኳ በቅጡ የለም። ስለዚህ መሬቱን ቆፍረው ገቡበት። የመንደሯ የመጀመሪያ ቤቶች በየተረተሩ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ነበሩ።

ዊሊያና ሂክማን የምትባል ሴት በ1878 ከባሏ ከሰባኪው ሂክማን ጋር ስትደርስ የሆነውን በኋላ ተናግራለች። ወንዶቹ "ያቻትና ኒቆዲሞስ!" ብለው ይጮኻሉ። እሷ ብታይ ምንም የለም። "የታለች?" ትላለች። እያሳዩዋት የነበረው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ ነው። ሰው ከዚያ ሥር እንደሚኖር ሲገባት አለቀሰች።

የሚነድደው የጎሽ ኩበትና የሱፍ አገዳ ነበር፤ ይሄን እንኳ የገጠር ልጅ የሆነ ያውቀዋል። አብዛኛው ማረሻም የሚጎትት ከብትም ስላልነበረው መሬቱን በዶማና በአካፋ ነው የፈለጡት። የመጀመሪያው የብርድ ወራት ሲጠና ከአደን የሚመለሱ ኦሴጅ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሰዎች ምግብ አካፍለዋቸዋል። ያላስቻላቸው ተመለሱ። የቀሩት ግን ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ አልፎም ሁለት ጋዜጣ ነበራቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባቡር ባለመግባቱ ሞተች ይባላል። እንዲያ ነው?

ልጄ፣ ግማሹ ልክ ነው። በ1887 ባቡር ሊመጣ ነው ተባለና የኒቆዲሞስ ሰው ለሚዙሪ ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ 16,000 ዶላር በቦንድ ለመስጠት ድምፅ ሰጠ። ያ ሁሉ ገንዘብ ከጉድጓድ ቤት ከወጡ ገና አሥር ዓመት ካልሞላቸው ሰዎች! ሐዲዱ ግን አልመጣም። በ1888 የሌላው ኩባንያ የዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲድ ከወንዙ ደቡብ አለፈና ማዶ ቦግ የምትባል ከተማ በቀለች። ነጋዴው ዕቃውን ጠቅልሎ፣ አንዳንዱም ቤቱን ጭምር ይዞ፣ ተሻገረ።

ግን የሄደው ነጋዴው ነው። ገበሬው የት ይሄዳል? መሬቱ እዚያው ነው። ዛሬ በታሪክነት ከሚጠበቁት አምስት ሕንፃዎች ሦስቱ ከባቡሩ ታሪክ በኋላ የተሠሩ ናቸው፦ የባፕቲስቱ ቤተ ክርስቲያን በ1907፣ ትምህርት ቤቱ በ1918፣ የድንጋዩ አዳራሽ በ1939። የሞተ መንደር ትምህርት ቤት አይሠራም። እኔ እንደማየው የበለጠ የጎዳት የ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ከኢኮኖሚው ድቀት ጋር ተደርቦ ነው። ያኔ ገበሬውም ለቀቀ። ፖስታ ቤቱ በ1953 ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ኤክሶደስተር የሚባሉት እነሱ ናቸው?

ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። አይደሉም፤ ኤክሶደስተር የሚባሉት በ1879 ከደቡብ በገፍ ወደ ካንሳስ የተሰደዱት ጥቁሮች ናቸው። ኒቆዲሞስ ሁለት ዓመት ትቀድማለች፤ ሰዎቿም በቡድን ተደራጅተው ነው የመጡት።

ጥያቄ፦ ስመ ጥር ሰው ወጥቶባታል?

ኤድዋርድ ማኬብ እዚያ ኖሯል። በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በግዛት ደረጃ መመረጡ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዛሬ ሰው አለባት? ዴንቨር ነው የምኖረው፣ ልጆቼን ባሳይ ደስ ይለኛል።

አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ስለሆነች የፓርክ ሠራተኞች ያስጎበኛሉ። ከቻልሽ በፈረንጆቹ ሐምሌ (ጁላይ) መጨረሻ ሂጂ። በየዓመቱ የነጻነት በዓል አለ፤ ከየግዛቱ የተበተነው ዘር ሁሉ ይሰበሰባል፣ ያቺ ጭር ያለች መንደር በሰው ትሞላለች። ሌላ ጊዜ ከሄድሽ ሕንፃዎቹ መከፈታቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ።

መንገዱ ቀላል ነው። በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነድተሽ ዋኪኒ ላይ ወደ ሰሜን ውጪ፣ ሂል ሲቲ ስትደርሺ በ24 ቁጥር ወደ ምሥራቅ ታጠፊ። ነዳጅሽን ሂል ሲቲ ላይ ሙዪ፣ ለልጆቹም የሚበላ ያዢ።