ጥያቄና መልስ፦ ያለ ስፌት የሚሠራ ሰደርያ

ጥያቄ፦ ከተባዘተ የበግ ፀጉር፣ መርፌና ክር ሳይነካው፣ ወጥ ሰደርያ መሥራት ፈለግሁ። መሐል የሚገባውን ላስቲክ በገላዬ ልክ ቆርጬ ፀጉሩን ዙሪያውን አለበስኩትና በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸሁት። ሲያልቅ ትከሻዬን እንኳ አላለፈም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ልኩን ነው የሳቱት። የበግ ፀጉር ላዩ ቅርፊት ቅርፊት ነው። ሞቅ ባለ ውሃና ሳሙና ሲታሽ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ በተቆላለፈ ቁጥርም ይሰበሰባል። ሹራብ በሙቅ ውሃ ታጥቦ የሚያጥረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ፊቶች እንዳይጣበቁ መሐል የሚገባው ላስቲክ ከገላዎ በጣም መስፋት አለበት።

በምን ያህል? ናሙና ሳይሠሩ አይታወቅም። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ 12 ግራም ፀጉር በአራት ስስ ንብርብር ያንጥፉ፤ አንዱን ወደ ቁመት፣ ቀጣዩን ወደ ጎን። እስኪጠነክር አሽተው ይለኩት። 20 በ20 ሆኖ ከተገኘ 30 ለ20 ሲካፈል 1.5 ይመጣል፤ ማባዣዎ ይህ ነው። አልቆ 52 ስፋት፣ 60 ቁመት እንዲኖረው ለሚፈልጉት ሰደርያ ላስቲኩን 78 በ90 ይቆርጣሉ ማለት ነው። ፀጉሩም ከዚያው ይሰላል፦ የሁለቱ ፊት ስፋት 14,040 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የናሙናው 900፤ 15.6 እጥፍ ነውና ወደ 187 ግራም ይፈጃል። ላስቲኩ ትከሻና ብብት ላይ ስለሚጎድል ትንሽ ይተርፍዎታል። እሱን ትከሻው ላይ ይጨምሩት፤ የልብሱን ክብደት የሚሸከመው እዚያ ነው።

ሲያነጥፉ በጎንና በትከሻ በኩል ከላስቲኩ ጠርዝ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያሳልፉ፤ በግርጌ ግን ጠርዙ ላይ ያቁሙ። በቱል፣ ማለትም መረብ በመሰለ ስስ ጨርቅ፣ ሸፍነው የሳሙና ውሃ ያርከፍክፉና አየሩ እስኪወጣ በእጅዎ ይጫኑት። ከዚያ ገልብጠው የተረፈውን ይጠፉት፣ ሁለተኛውን ፊት ያንጥፉ። መጀመሪያ ላይ በኃይል አይሹ፤ ፀጉሩ ሳይያያዝ ከቦታው ይሸሽና ቀዳዳ ይተዋል። ላዩን ቆንጠር ሲያደርጉት ነጠላ ፀጉር መነሳቱን ሲያቆም በፎጣ ጠቅልለው ማንከባለል ይጀምሩ፤ ከአራቱም አቅጣጫ እኩል፣ መቶ መቶ ጊዜ ያህል። ጨርቁ ይበልጥ የሚሰበሰበው በተንከባለለበት አቅጣጫ ነው። ቁመቱ ደርሶ ስፋቱ ከበዛብዎ ታዲያ ወደ ጎን ብቻ ያንከባልሉት።

አንገትና የእጅ መግቢያ በመቀስ ይከፈታሉ፤ የተቆረጠውን አፍ ወዲያው በሳሙና ካሹት አይተረተርም።

ጥያቄ፦ ልኩ ሆነልኝ፤ ግን በሁለቱም ጎን እንደ ስፌት ያበጠ መስመር ወጣ። ያለ ስፌት መሥራቴ ምን ጠቀመኝ?

መልስ፦ ወይ የታጠፈው ፀጉር ጫፉ ወፍሯል፣ ወይም ላስቲኩ ከውስጥ ዘግይቶ ወጥቷል፤ የሚበዛው ሁለተኛው ነው። ጨርቁ ሲሰበሰብ ላስቲኩ ስለማይሰበሰብ መጣመም ይጀምራል። ያን ጊዜ ሳይዘገዩ ያውጡት። ከዚያ የጎኑ መስመር መሐል ላይ እንዲውል አዙረው ያንጥፉና በሳሙና ውሃ በራሱ ላይ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይሹት። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ ግን መስመሩ አይጠፋም፤ በማሸት አይድከሙ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዓት አሸሁ፣ ፀጉሩ አልያያዝ አለኝ። ውሃው ስላልሞቀ ይሆን?

መልስ፦ ውሃው ለብ ያለ ቢሆን እንኳ በሁለት ሰዓት መያያዝ ነበረበት። ፀጉሩ በማሽን እንዲታጠብ ታስቦ የተዘጋጀ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲህ ያለው ቅርፊቱ በኬሚካል ተልጓል ወይም ተሸፍኗል፣ ምንም ቢታሽ አይቆላለፍም። ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ቁንጥር ያህሉን በሙቅ ውሃና ሳሙና በመዳፍዎ ያድቦልቡሉት። ደኅናው በጥቂት ደቂቃ ጠንካራ ኳስ ይሆናል፤ ያኛው እርጥብ ጥጥ መስሎ ይቀራል።