መልስ፦ ልጁና ጅቡ ሲተማመኑ ተመልካች እንዲያምን

ሰላም ወንድሜ። ጎንደር አንገረብ ዳር በምትቀርጹት አጭር ፊልም የልጁንና የጅቡን መተማመን ተመልካች እንዲቀበለው ምን እናድርግ ብለሃል። ትልቁ ስህተት ጅቡን ውሻ ማድረግ ነው። ልጁ አንዴ የጅቡን ራስ ከዳበሰ ፍርሃቱ ይጠፋል፤ ፍርሃቱ ሲጠፋ መተማመኑም ዋጋ ያጣል።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ጁራሲክ ወርልድ» እይ። አሠልጣኙ ኦወን እጆቹን ዘርግቶ ራፕተር የሚባሉትን አዳኝ ዳይኖሰሮች ያቆማቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ግን የሚያመልጠው በሚዘጋው በር ሥር ሾልኮ ነው። ትዕይንቱ የሚይዘው ለዚህ ነው፤ መተማመኑ ልክ አለው።

የጅቡን ሰውነት አናግሩት። ሲቆጣ ጋማውና ጅራቱ ይቆማሉ፤ ሲፈራ ጆሮውን ለጥፎ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይወሽቃል። ስለዚህ የቆመው ጋማ ቀስ እያለ ሲተኛ በቅርብ አሳዩ፤ ከንግግር ሁሉ ይበልጣል። «ሳቁን» እዚያ ላይ አታስገቡ፤ የደስታ ሳይሆን የጭንቀት ድምፅ ነው።

እባክህ እውነተኛ ጅብ አጠገብ ልጅ እንዳታቆሙ። አጥንት የሚሰብር መንጋጋ አለው፣ የእብድ ውሻ በሽታም ያስተላልፋል። የሐረር ጅብ አብዪዎች የዓመታት ልምድ አላቸው፤ በአንድ ሌሊት አይቀዳም። ካሜራውን በትራይፖድ አጽኑና ልጁን ብቻውን ቅረጹ፤ ጅቡ በኋላ በቅንብር ይገባል። ዓይኑ የሚያርፍበት ኳስ በእንጨት ጫፍ አስራችሁ ከመሬት 80 ሳንቲሜትር ያህል ያዙ፤ የጅብ ትከሻ እዚያ ግድም ነው። ከፍ ካለ ልጁ ሽቅብ ያይና ጅቡ ፈረስ ያክላል።